ለክቡር ግራብ ሬስኪው የተጻፈ ግልጽ አቤቱታ

ለክቡር ግራብ ሬስኪው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአንዲት ቁጥር ሰበብ ስለደረሰብኝ እንግልት

ክቡርነትዎ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእርስዎ ስም ሲወጣ ግን መልአኩ እረፍት ላይ ነበር መሰለኝ። «ግራብ» ኮምፒውተር ሲከፈት ሊኑክስን (ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን) የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው፤ እርስዎ ደግሞ ግራብ ፋይሎቹን ሲያጣ ብቅ የሚሉት የአደጋ ጊዜ ገጹ ነዎት። «ሬስኪው» ማለት ማዳን ነው። 3 ሰዓት ሙሉ አብረን አመሸን፤ ከምን እንደሚያድኑኝ ግን አሁንም አልገባኝም።

ኮምፒውተሬን ስከፍት በሊኑክስ ፋንታ እርስዎ ብቅ አሉ። ጥቁር ስክሪን። «እንዲህ የሚባል ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) የለም» የምትል አንዲት መስመር። ከሥሯ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ። ሰላምታ እንኳን የለም።

«ሄልፕ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ትእዛዝ አላውቀውም አሉኝ። «ኤግዚት» አልኩ። እሱንም አያውቁትም። እርዳታም መውጫም የማያውቅ አዳኝ!

እውነቱን ለመናገር (ድምፄን ዝቅ ላድርግና) ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዲስኬ ስለሞላ፣ ማንም የማይጠቀምበትን 5ኛውን ፓርቲሽን ዲሊት አደረግኩት። ሊኑክስ የተኛው 6ኛው ላይ ነው፤ ጫፉንም አልነካሁም። ግን በአሮጌው የዲስክ አከፋፈል (ኤም ቢ አር ይሉታል) ከ5 ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች ወረፋ ናቸው። የፊተኛው ሲወጣ የኋለኛው ይጠጋል። የኔ 6 ቁጥር 5 ሆነ። ወረፋ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። እርስዎ ግን 6 ላይ ችክ አሉ! ዕቃው ሁሉ ባለበት ቁጭ ብሏል፤ የተቀየረው የቤት ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እርስዎ የድሮ አድራሻ ጨብጠው «የለም» ይላሉ። ጎረቤት መጠየቅ ነውር ነው?

ወዳጆቼ «ፎርማት አድርገው» አሉኝ። ራስ ላመመው አንገት ቆረጣ። በፍላሽ ሊኑክስ ማስነሳትም ይቻላል፤ ፍላሹን ለማዘጋጀት ግን የሚሠራ ኮምፒውተር ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የነበረኝ እርስዎ ብቻ።

በመጨረሻ ቋንቋዎን ደረስኩበት። «ኤል ኤስ» (ዘርዝር የሚል ትእዛዝ) ስል ፓርቲሽኖቹን ዘረገፉልኝ። አንድ በአንድ አንኳኳሁ። አንደኛው ጋ «ቡት»፣ «ኢቲሲ»፣ «ሆም» የሚባሉት የሊኑክስ ፎልደሮች ተደርድረዋል። ቤቴ! «ሴት» (set) በሚለው ትእዛዝ «ሩት»ንም «ፕሪፊክስ»ንም (ፋይልዎን የት እንደሚፈልጉ የሚነግሩዎትን) ወደ 5 አዞርኩልዎ። «ኢንስሞድ ኖርማል» ብዬ የጎደለዎትን ሞጁል ጫንኩልዎ፣ ከዚያ «ኖርማል» አልኩ። ሜኑው መጣ፤ ፋይሎቼም እንዳሉ ናቸው። 3 ሰዓት ለአንዲት 5 ቁጥር!

ደግሞ የነገርኩዎትን የሚያስታውሱት ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ነው። ስለዚህ እንደገባሁ በ«ግራብ ኢንስቶል» አዲሱን አድራሻ ዲስኩ ላይ አስጻፍኩ። ዝም ብል ኖሮ ጠዋትም እዚያው በር ላይ ቆመው አገኝዎት ነበር።

ከሰላምታ ጋር
ከ6ኛ ወደ 5ኛ ፓርቲሽን ሳላመለክት የተዛወርኩት

ግልባጭ፦
ለ«ፎርማት አድርገው» ወዳጆቼ
ከዚህ ሁሉ በኋላ ትናንት ላዘጋጀሁት ፍላሽ (መሳቢያ ውስጥ)