«ዳኒ ቦይ»ን የጻፈው አየርላንዳዊ አይደለም

ወንድሜ፣ «ዳኒ ቦይ ደራሲው የማይታወቅ የጥንት የአየርላንድ ዘፈን ነው» ብለህ የጻፍከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚያምን አልፈርድብህም። ዜማው አዎ፣ የአየርላንድ ነው፤ ጄን ሮስ የምትባል የሊማቫዲ ሴት ሰብስባው እ.ኤ.አ. በ1855 ታተመ። ግጥሙ ግን የፍሬድሪክ ዌዘርሊ ነው። በ1848 ሶመርሴት ውስጥ የተወለደ፣ እንጀራው ጥብቅና የሆነ እንግሊዛዊ!

ታሪኩ ደግሞ ደስ ይላል። ግጥሙን በ1910 ነበር የጻፈው፤ ያኔ ይህን ዜማ አያውቀውም። በ1912 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የምትኖር የወንድሙ ሚስት ዜማውን ላከችለት፣ ሲያየው ከግጥሙ ጋር ልክክ አለ፣ ጥቂት ቦታ ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ገጠመውና በ1913 ታተመ።

ሰውዬው የአንድ ዘፈን ሰው እንዳይመስልህ። በሺዎች የሚቆጠሩ የዘፈን ግጥሞች ጽፏል፤ በ1892 የወጣው «ዘ ሆሊ ሲቲ»ም፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል የተዘፈነው «ሮዝስ ኦፍ ፒካርዲ»ም የእሱ ናቸው። ይህን ያህል የደከመ ሰው «ያልታወቀ» ሲባል በጣም ያንገበግበኛል። እባክህ ስሙን ጨምርለት።