ምርቃት ጨምሪበት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚጓዝ ሰው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በቁልቁለቱ ጆሮው እየተደፈነ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ አውቶቡሱ ገና በቅጡ ሳይቆም በመስኮቱ በኩል የቆሎ ሰፌድ ብቅ ይልለታል። የደብረ ሲና ቆሎ ማስታወቂያ የሚያስፈልገው ቆሎ አይደለም፤ በዚያ አልፎ ሳይገዛ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ ከሰላምታ በፊት «ቆሎውስ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔም ለሥራ ጉዳይ በወር አንድ ሁለት ጊዜ በዚያ ስለማልፍ ከሻጮቹ ጋር የቆየ ክርክር አለኝ። የምንከራከረው ግን በዋጋው አይደለም፤ በምርቃቱ ነው።

«ምርቃት» መቼም ጉደኛ ቃል ነው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ «እደግ፣ ተመንደግ» ሲል ምርቃት ይባላል፤ ቆሎ ሻጭ ከሰፈረች በኋላ በላዩ ላይ ዘገን አድርጋ የምትጨምረውም ምርቃት ይባላል። ልዩነቱ፣ የፊተኛውን አንገታችንን ደፍተን «አሜን» እያልን ስንቀበለው የኋለኛውን አንገታችንን በመስኮት አውጥተን የምንቀማው መሆኑ ነው። እኔ በዚህ በሁለተኛው የታወቅሁ ነኝ። አንድ ቀን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ስትሰፍርልኝ ብርጭቆዋን በዓይኔ መረመርሁና «ይህ ብርጭቆ ታቹ ወፍራም ነው፤ ግማሹን የያዘው ጠርሙስ ነው» አልኋት። «ጋሼ፣ እኔም ስገዛው እንዲሁ ነበር» ብላ አንድ ጊዜ ዘገነችልኝ። «ምርቃት ጨምሪበት እንጂ!» አልሁ፤ ጨመረች። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ሦስተኛውን በግርግር አገኘሁ። እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ የተሰማኝን ደስታ፣ ቆሎው ባለቀ ጊዜ እንኳ ያልቀነሰውን ያን ደስታ፣ ዛሬ ስጽፈው ትንሽ ያሳፍረኛል።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተሰበከው ታዲያ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 38 ነበር፦ «ስጡ ይሰጣችሁማል፤ በምትሰፍሩበት መስፈሪያ ተመልሶ ይሰፈርላችኋልና፥ የተጨቈነና የተነቀነቀ የተትረፈረፈም መልካም መስፈሪያ በእቅፋችሁ ይሰጣችኋል»። ሰባኪው ብዙ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። ገብስና ስንዴ በቁና ሲሰፈር እያየ ላደገ የአገራችን ሰው እህል ሲጨቆን ምን እንደሚመስል፣ ቁናው ሲነቀነቅ እህሉ እንዴት እንደሚሰምጥና ቦታ እንደሚለቅ፣ እስኪገነፍል ሲሞላም ጫፉ እንዴት እንደሚሾል አይነገረውም። እኔም ልቤ በጣም ተነካ፤ የተነካሁትም «ምነው ያቺ ቆሎ ሻጭ ይህን ስብከት በሰማች!» ብዬ ነው። ስብከት ሁልጊዜ ልክ የሚሆነው ለሌላ ሰው መሆኑን መቼም አንባቢ ያውቃል።

ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቸር ሰው ለመሆን ቈረጥሁ። መንፈሳዊ እድገቴን ለመከታተልም አንድ ደብተር ገዛሁና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የተሰጠ» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀን፣ የተቀባዩ ሁኔታ፣ የብሩ መጠን እያልሁ መስመር አሰመርሁበት።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ በታየው ብርሃን ምክንያት ከተማና ቤተ ክርስቲያን ተክለው ስሟን አወጡላት፤ ስሙ ስለ ብርሃኑ ይናገራል እንጂ ስለ ብርዱ አንድም ቃል አይተነፍስም። በእኛ ከተማ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በማለዳ እጅን ከጋቢ ውስጥ ማውጣት ራሱ ግማሽ ምጽዋት ነው፤ ቀሪውን ግማሽ ለማሟላት ደግሞ ኪስ ውስጥ ዝርዝር መገኘት አለበት። በመጀመሪያው ቀን በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡ አንድ አዛውንት የ10 ብር ኖት ሰጥቼ «5 ብር ይመልሱልኝ» አልኋቸው። አዛውንቱ ምንም ሳይከፋቸው ከጉያቸው የተጨማደዱ ብሮች አውጥተው ቆጥረው መለሱልኝና «ከክፉ ይሰውርህ፣ ከጠላት ዓይን ይጋርድህ፣ የልጅ ልጅ ያሳይህ፣ ያሰብከውን ያሳካልህ» አሉኝ። መንገድ ላይ ሳሰላው አንዱ ምርቃት 1 ብር ከ25 ሳንቲም ደረሰ፤ በዛሬ ገበያ ይህን ያህል የረከሰ ነገር አላውቅም። ወዲያው በደብተሬ ላይ «5 ብር» ብዬ መዘገብሁ።

የቅበላ ዕለት ደግሞ ለ55 ቀን የሚሰናበቱት የዶሮ ወጥ በእጃችን ተረፈ፤ ሌሊቱ ሳያልፍ ጽድቅ እንዲሆን ከነድስቱ ለጎረቤት ሰደድነው። ጎረቤትም እንደ እኛ ተርፎበት ኖሮ ቀጥሎ ላለው ቤት አሳለፈው፤ ድስቱ በሦስት ቤት ዞሮ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሲመለስልን የሌላ ቤት ወጥ ተጨምሮበት ከሄደው በዝቶ ነበር። በዚያ ሌሊት በሰፈራችን በደስታ የተቀበለ ውሻው ብቻ ነው። ይህንንም መዝግቤዋለሁ፤ የተቀባዩን ሁኔታ በሚለው መስመር ላይ ግን «ችግረኛ» ብዬ አልፌዋለሁ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ በተሰበሰበ ጊዜ ነው። ዲያቆናቱ ባለ ጥልፉን ጃንጥላ ዘቅዝቀው በምእመናኑ መካከል ሲያልፉ ብሩ እንደ ቅጠል ይረግፍበታል፤ ከፍ ያለ የሚሰጠው ግን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀርቦ ስሙን ያስመዘግብና እልልታ ይቀልጥለታል። ከመካከላቸው እኔን የሚያስቀናኝ «ስሙ እንዲጠራ ያልፈለገ አንድ ወንድማችን» የሚባለው ሰው ነው፤ የእርሱ እልልታ ከሁሉ ይረዝማል። ስለዚህ 500 ብር ይዤ ቀረብሁና «ስሜ አይጠራ» አልሁ። አስተባባሪው እንዳልሁት አደረገ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ችግሩ ከእልልታው በኋላ ነበር፤ ማን እንደሆነ የሚገምት፣ ዞር ብሎ የሚያይ አንድ ሰው እንኳ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ሳልሁ። ነጠላዬን አስተካከልሁ። በመጨረሻ አጠገቤ የቆመውን ሰው «አሁን የሰጠው ወንድም ግን ስሙ እንዳይጠራ መፈለጉ ምን ያህል ትሑት ቢሆን ነው!» ብለው፣ «ምናልባት ዕዳ ኖሮበት ተደብቆ ይሆናል» ብሎኝ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት በማኅበሩ፣ በሰንበቴው፣ በእድሩና በጠላ ቤቱ ሳይቀር ወሬውን በዘዴ እየጠመዘዝሁ ወደ ሕንፃው ስመልስ ከረምሁ። ጌታ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ብሏልና በዚህ በኩል ትእዛዙን ጠብቄያለሁ፤ ከግራ እጄ በቀር ያልሰማ የከተማው ሰው የለም።

በዐቢይ ጾም የንስሐ አባቴ ቤታችን ሲመጡ ጠበል ተረጭቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰውም ወጣ ወጣ ሲል ደብተሩን አቀረብሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ ውሻው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ትንሽ ቆመ።

«ልጄ፣ ይህ መዝገብ ለማን የሚቀርብ ነው?»

«ለእግዚአብሔር ነው እንጂ፣ አባቴ።»

«እርሱ ዘንድ መዝገብ የሌለ መስሎህ ነው?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸውም ደብተሩን ገልብጠው ከኋላ በኩል «የተቀበልኩት» ብለው በገዛ እጃቸው ጻፉና «ቀኖናህ ይህ ነው፤ ሰባት ቀን ሙሉ በዚህ በኩል ጻፍ» አሉኝ። እኔ ስግደት ጠብቄ ነበር፤ ስግደት ቢሆን ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል።

በነጋታው ጀመርሁ። ገና ፊቴን ሳልታጠብ የጎረቤታችን ልጅ እናቷ የላከችውን ትኩስ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች፤ ተጻፈ። ባለ ሱቁ የጎደለችኝን 3 ብር «ሌላ ጊዜ» አለኝ፤ ተጻፈ። በብርዱ ቆሜ ሳለ አንድ የማላውቀው ሰው በባጃጁ ውስጥ ጠጋ ብሎ አስቀመጠኝ። ቢሮ ስደርስ አርፍጄ ኖሮ የሥራ ባልደረባዬ ባለጉዳዮቼን ተቀብላልኝ አገኘኋት፤ ይህንን ስጽፍ የብሩን መጠን በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደምሞላ ግራ ገባኝና ባዶውን ተውሁት። ከዚያ ወዲያ ባዶው ቦታ በዛ። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ ማንደጃውን ማቀጣጠሏን ልጽፍ ስል ይህ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚቆጠር ማሰብ ያዝሁ፤ 17 ዓመት ነው፤ በዐቢይ ጾምም በፍስክም። ረፋድ ላይ ገጹ ሞላ። በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ሊያልቅ ሆነ፤ ሌላ እንዳልገዛ የደብተር ዋጋ ጨምሯል። የንስሐ አባቴ ሰባት ቀን ያሉኝ የወረቀት ዋጋ ሳያውቁ ቀርተው ይመስለኛል።

በሳምንቱ መጨረሻ ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ዛሬ ደብረ ሲና ላይ ምርቃት አልጠይቅም አልሁ። አውቶቡሱ እንደ ቆመ በእኔ መስኮት የመጣችው ያችው ልጅ ነበረች፤ ያው ታቹ የወፈረ ብርጭቆም በእጇ ነበር። ብሩን ሰጠኋት፤ ሰፍራ በወረቀቱ ገለበጠችልኝ። አፌን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ልጅቱ ግን ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ የእርስዎን አውቀዋለሁ» ብላ አንድ ጊዜ ዘገነች፣ ሁለተኛ ዘገነች፣ አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደግሞ እየሮጠች ሦስተኛውን በሁለት እጇ አፍሳ በመስኮቱ ለቀቀችው። ወረቀቱ ተቀደደ። ገብሱም ሽንብራውም ሱፉም በጭኔ ላይ ተበተነ፤ ግማሹ በጋቢዬ እጥፋት ውስጥ ገባ። በቸርነት ይሁን ከእኔ ጭቅጭቅ በጊዜ ለመገላገል፣ ልጅቱን ልጠይቃት ዞር ስል ወደ ሌላ መስኮት ሄዳለች።

አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አዩኝና «ልጄ፣ በእቅፍህ ሰጠችህ እኮ!» አሉኝ።

«ይዝገኑ፣ እማማ» አልሁ፤ «እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳልና» የሚለው ትዝ ብሎኝ ፊቴን ፈታ ለማድረግም ሞከርሁ። ዘገኑ። እርሳቸው ሲዘግኑ ያየው የኋላው ወንበር ጎልማሳም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ሰደደ። እኔ ደብተሬን አወጣሁና፣ ይህ ቆሎ ከፊት በኩል «የተሰጠ» በሚለው ይሁን ከኋላ በኩል «የተቀበልኩት» በሚለው ሊጻፍ እንደሚገባው እያሰላሰልሁ ብዕሬን ስፈልግ፣ እማማ በጋቢዬ እጥፋት ውስጥ የቀረውን ለቅመው ጨረሱት።