የዓባይን ሜጋዋት ቆጥረን የደጃችንን ዘነጋን

ጎበዝ፣ ዛሬ ላወድሳችሁ አልመጣሁም። አየርላንድ ገብተን፣ ዜግነት ወስደን፣ ልጅ ያሳደግን ሰዎች ነን። ባለፈው ማኅበር ላይ ግን ያየሁት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጠላው ተቀድቶ ሳያልቅ አንዷ እህታችን የመብራት ቢሏን ከቦርሳዋ አወጣች። ቢሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁላችንም ከንፈራችንን መጠጥን። ከዚያ ወሬው ወደ ሕዳሴ ግድብ ዞረና 5,150 ሜጋዋቱን፣ ለቢትኮይን የሚሸጠውን ኃይል እያነሣን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። መሐንዲስ ያልሆነ አልነበረም። «የደብሊንን መብራትስ ማን ነው የሚወስደው?» ብዬ ብጠይቅ ግን የመለሰልኝ የለም።

እንግዲህ ስሙኝ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ2015 ዳታ ሴንተሮች፣ የኢንተርኔቱ መረጃ የሚከማችባቸው ኮምፒውተር የሞላባቸው ሕንጻዎች፣ ከዚህች አገር መብራት የሚወስዱት 5 ከመቶ ነበር። በ2023 ድርሻቸው 21 ከመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት በየከተማው ያለው ቤት ሁሉ ተደምሮ የተጠቀመው 18 ከመቶ ነው። ቲክቶካችን፣ ለእናቶቻችን የምንልከው ፎቶ፣ «ክላውድ» ይባል እንጂ ሰማይ ላይ አልተሰቀለም፤ እዚሁ ደብሊን ክሎንዳልኪን አጠገብ እንዳለው እንደ ግሬንጅ ካስል ባለ ቦታ፣ ግራጫ ሕንጻ ውስጥ ነው ያለው። ቢላችንን ያስወደደው እሱ ብቻ ነው አልልም፤ የጋዝ ዋጋም አለበት። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መስመሩ ለማን ይቅደም የሚለው ሲወሰን እኛ የት ነበርን?

አንድ ኩባንያ ዳታ ሴንተር ለመሥራት ፈቃድ ሲጠይቅ ነጭ ወረቀት አጥር ላይ ይለጥፋል። ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንሥቶ 5 ሳምንት አለ፤ በዚያ ውስጥ ማንም ሰው 20 ዩሮ ከፍሎ ሐሳቡን በጽሑፍ ለአካባቢው ምክር ቤት ያስገባል። ፓስፖርትህን አሳየኝ የሚል የለም። በአካባቢ ምክር ቤት ምርጫም እዚህ የሚኖር ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፤ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው ወንድማችን ሳይቀር። ይህን መብት ፍለጋ ስንት ሰው ባሕር እንዳቋረጠ እናንተ ታውቃላችሁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ወደ ሥራ ስሄድ እንዲህ ያለ ወረቀት አይ ነበር፤ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ዝናብ ገብቶበት፣ ቀለሙ ፈሶ፣ ከሽቦ ጋር ታስሮ። የጠፋ ድመት ማስታወቂያ መስሎኝ ስንት ቀን አለፍኩት። ቀርቤ ባነበብኩት ዕለት አምስቱ ሳምንት ካበቃ አራት ቀን ሆኖታል። ጅብ ከሄደ የጮኸው ውሻ እኔ ነኝ።

«እኛ ብንናገር ማን ይሰማናል» የምትሉትን አውቃለሁ፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ስንቅ ነው። ሆላንድ ውስጥ ዜቮልደ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 166 ሄክታር የእርሻ መሬት ላይ ግዙፍ ዳታ ሴንተር ሊተክል ነበር፤ ምክር ቤቱም በታኅሣሥ 2021 መንገዱን ከፈተለት። ነዋሪው ቢል እያሳየ ከንፈሩን አልመጠጠም። በመጋቢት 2022 ምርጫ ዕቅዱን የተቃወመውን የአካባቢ ፓርቲ አሸናፊ አደረገው፤ በሐምሌ ሜታ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

እዚሁ ደቡብ ደብሊንም ምክር ቤቱ በሰኔ 2022 አዲስ ዳታ ሴንተር አይገባም ብሎ ነበር፤ ከላይ የአየርላንድ መንግሥት ሚኒስትር አዝዞ አስቀየረው። «ይኸው፣ አላልንም?» ለማለት አትቸኩሉ። ያው የአካባቢ አስተዳደር በነሐሴ 2024 የጉግልን ማመልከቻ፣ መስመሩ አይችልም ብሎ መልሶታል።

ተቃወሙ አላልኩም። ከእነዚያ ሕንጻዎች እንጀራ የሚበሉ ልጆች ከመካከላችን አሉ፤ እነሱም ቀርበው ይግባ ይበሉ። የሚያሳፍረኝ ዝምታችን ነው። ስለ ዓባይ አፋችን የማይደክም ሰዎች፣ ልጆቻችን በሚያድጉበት ሰፈር ጉዳይ እንግዳ ሆነን ተቀምጠናል። ሃያ ዓመት እንግዳ!

የሚቀጥለው ማኅበር እኔ ቤት ነው። ቢል ይዛችሁ እንዳትመጡ። በምርጫ መዝገብ ላይ ስማችሁ የሌለ ፒፒኤስ ቁጥራችሁን (የመንግሥት መለያችሁን) እና ኤርኮዳችሁን (የቤታችሁን የፖስታ ኮድ) ይዛችሁ ኑ፤ ላፕቶፑ ከረከቦቱ አጠገብ ተከፍቶ ይጠብቃችኋል። ጠላ የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው።