«ተረብሿል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ለልምምድ የሚመጡ የነርሲንግ ተማሪዎችን ስለ ሃሎፔሪዶል፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ «ምን ምን ያመጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውኩ የጎንዮሽ ጉዳቶቹን እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል፦ ዲስቶኒያ፣ አካቲዢያ፣ ፓርኪንሰኒዝም፣ ታርዲቭ ዲስኪኔዢያ። ጎበዞች ናቸው። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚለውን ታካሚ አሳይቼ «እሱስ ምን ሆኖ ነው?» ስል «ተረብሿል» ይሉኛል።

በቀደም ያየነው ልጅ አልተረበሸም ነበር። ቁጭ ይላል፣ ወዲያው ይነሳል። ቆሞም እግሩን ያፈራርቃል። ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ የሚያስቸግርህ ሐሳብህ ነው እግርህ?» አልኩት። «እግሬ ነው ሲስተር። አላስቀምጥ አለኝ።»

አካቲዢያ ማለት ይኸው ነው፦ መድኃኒቱ የሚያመጣው፣ አላስቀምጥ የሚል የሰውነት ዕረፍት ማጣት። «ተረብሿል» ተብሎ ከተጻፈ ሐኪሙ በቅንነት መድኃኒቱን ይጨምራል፣ ልጁም ይብስበታል። ስቃዩ ራስን ስለማጥፋት እስከ ማሰብ ሊያደርስ ይችላል።

የዲስቶኒያ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ይቆለመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «መንፈሱ ተነሳበት» ቢል ማን ይፈርድበታል? ጠበል ይወስዱታል። (ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ።) ችግሩ መድኃኒቱ በዚያው መቅረቱ ነው። የቤንዝትሮፒን ወይም የዳይፈንሃይድራሚን መርፌ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታዋል። «አንገቱ ከተጣመመ ቶሎ አምጡት፣ መድኃኒት አለው» ብሎ ለእናትየው አስቀድሞ መንገር ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሌላም አለ። ሪስፔሪዶን የተባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ሴት በመድኃኒቱ ምክንያት የወር አበባዋ ቢቀር ሳትጠየቅ አትናገርም። ወንዱም የወሲብ ስሜቱ መጥፋቱን አያወራም፣ ዝም ብሎ ክኒኑን ይተዋል። ክሎዛፒን የተባለውን፣ እንዲሁ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ካለው ጉንፋን ነው ብሎ ማሳለፍ አይቻልም፤ ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ደሙ ይታይ።

እኔ ብሆን ፈተናውን ከወረቀት አውርጄ አልጋው አጠገብ አደርገው ነበር። የዝርዝሩ ሽምደዳ ይቅር አልልም። ግን ታካሚ «አካቲዢያ ያዘኝ» ብሎ አይመጣም።

የዚያን ቀን ተማሪዋ የጻፈችውን ሰርዛ «እግሬ አላስቀምጥ አለኝ ይላል» ብላ በራሱ ቃል መዘገበች። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ቀንሶ አካቲዢያውን የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል አዘዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ምሳውን ቁጭ ብሎ በላ።