እጅ ሲነጣ «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ክረምት ገብቶ የጅማ ጠዋት ሲቀዘቅዝ፣ ልብስ በምታጥብ ሴት እጅ ላይ ጣቶቹ ደም ሸሽቷቸው አመድ ይመስላሉ፤ ቆይተው ይጠቁራሉ፤ ሲሞቁ እየጠዘጠዙ ይቀላሉ። «ብርድ ነው» ይባልና ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም። ከ30 ዓመት በኋላ የጀመረ፣ ጣት አብጦ ቀለበት አልገባ ያለበት ወይም የጣት ጫፍ የቆሰለበት ከሆነ ግን ስክሌሮደርማ ሊጠረጠር ይገባል።

በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ተዛብቶ ትናንሽ የደም ሥሮችን ይጎዳል፤ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ከልክ በላይ ይመረትና ቆዳው ይወፍራል፣ ይወጠራል። የጣትን ቆዳ ቆንጥጦ ማንሳት ያቅታል፤ አፍ እየጠበበ ጉርሻ መቀበል ያስቸግራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሥጋ ደዌ ጋር የሚያምታታው ካለ ቁስሉን ይጠይቅ፤ የሥጋ ደዌ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሕመም አይሰማውም፣ የስክሌሮደርማ የጣት ቁስል ግን እንቅልፍ ይነሳል።

ከሁሉ የሚያሰጋው «የቆዳ ችግር ነው» ተብሎ በዘፈቀደ የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። በቀን ከ15 ሚሊግራም ሲያልፍ የኩላሊት ቀውስ የመምጣት ዕድሉን ይጨምራል። ቀውሱ ሲመጣ የደም ግፊት በድንገት ይወጣል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ዓይን ይደበዝዛል፤ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ካፕቶፕሪልና መሰሎቹ የግፊት መድኃኒቶች በቶሎ ከተጀመሩ ብዙዎችን ያተርፋሉ። ስለዚህ ቆዳው በፍጥነት እየጠነከረ ያለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢያንስ በሳምንት አንዴ ግፊቱን ይለካ፣ ቁጥሩንም ደብተር ላይ ይጻፍ። የላይኛው የግፊት ቁጥሩ 100 የለመደ ሰው 135 ሲሆን «ደህና ነህ» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል፤ ለእሱ ግን ይህ አደጋ ነው። የላይኛው ቁጥር ከወትሮው በ30 ከጨመረ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ጅማ ላይ እንዲህ ማለት እንደማይወደድ እናውቃለን፤ ሆኖም ጫት የደም ሥር ያጠብባል፣ ሲጋራም እንዲሁ። ጣቱ እየነጣ የሚቅም ሰው ቁስሉን ራሱ ይጋብዛል። ለልብ ምትና ለግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም ንጣቱን ስለሚያባብስ ለሐኪሙ ይነገር። ለጣቱ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ኒፌዲፒን ነው፤ ለብ ያለ ውኃ፣ ጓንትና መላ አካልን የሚያሞቅ ልብስም ይረዳሉ። በዚህ በሽታ ቃር ላስቸገረው ትራስ ከመደራረብ የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ደረቅ ሳልና ዳገት ላይ ማለክለክ ሲከተል ደግሞ ምርመራው ቲቢ የለም ማለቱ ብቻ አያሰናብትም፤ የሳንባ ጠባሳ ሊሆን ስለሚችል የትንፋሽ መጠን ምርመራና ሲቲ ስካን ይጠየቅ።