አውሬም ሳይርበው ይገድላል

ወንድሜ፣ «አውሬ የሚገድለው ሲርበው ብቻ ነው፤ ዘሩን የሚገድል ሰው ብቻ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። አዲስ መንጋ የተቆጣጠረ ወንድ አንበሳ ከእሱ በፊት የነበረው አንበሳ የወለዳቸውን ግልገሎች ይገድላል፤ እናቶቹ ቶሎ እንዲያረግዙለት። ታንዛኒያ፣ ጎምቤ ውስጥ ከ1974 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ቺምፓንዚዎች ከቡድናቸው ተገንጥለው የወጡትን እያደቡ ገድለዋል። አብረው የኖሩትን!

ሩቅ አትሂድ። እዚሁ ጅማ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ የምትውለው ድመት ትርፍራፊ ጠግባም አይጥ ይዛ ስትለቅ፣ መልሳ ስትይዝ ታያታለህ። አትበላትም እኮ።

ይሄ ሰውን ነጻ አያወጣም። ድመቷን ማን ይከሳታል? ሰው የሚጠየቀው መተው እየቻለ ስለሚያደርገው ነው። ደም ለመመለስ ዓመት ሙሉ የሚያደባ ሰው፣ ሽማግሌ ሲላክበት «እሺ» ማለት ይችላል።