«ቻይው» መድኃኒት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

በሐዋሳ ከሚገኙ ፋብሪካዎች በአንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈች አንዲት ገጽ ሰሞኑን በቴሌግራም ስትዘዋወር ብዙዎቻችን አይተናታል። ፍሬ ነገሯ አጭር ነው፤ ከእንግዲህ ነፍሰ ጡር ሠራተኞች በወገብ፣ በዳሌና በብሽሽት ሕመም ምክንያት የሚያቀርቡት የፈቃድም ሆነ የሥራ ቦታ ለውጥ ጥያቄ፣ ሆስፒታል አልጋ ይዘው ካልተኙ በቀር፣ ተቀባይነት አይኖረውም። ይህ አልበቃ ብሎ ከአስተዳደሩ ሰዎች አንዱ ውሳኔውን ለሠራተኞቹ ሲያስረዳ፣ እርግዝና በሽታ እንዳልሆነ፣ እናቶቻችን እርሻ ውለው ማታ ቤታቸው ገብተው ይወልዱ እንደነበር፣ የዛሬዎቹ ግን ትንሽ ቆንጠጥ ሲያደርጋቸው ወረቀት ፍለጋ እንደሚሮጡ ተናግሯል። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፤ አስተሳሰቡ የአንድ ግቢ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር።

ከሁሉ የደከመውን መከራከሪያ እናስቀድም። እርሻ ውለው ማታ የወለዱ እናቶች ነበሩ። እርሻ ውለው ማታ የሞቱም ነበሩ፤ እነሱን ግን ማንም ለምሳሌነት ሲጠቅሳቸው ሰምቼ አላውቅም። በ2000 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ያወረደው የእናቶች ቻይነት ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ። የዳሌ ሕመም በራሱ ሰው አይገድልም፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን «ድሮ እንዲህ ነበር» እያለ የሚከራከር ሰው ድሮን የሚወስድ ከሆነ ሙሉውን ይውሰድ እንጂ የሚመቸውን ብቻ እየመረጠ አይጥቀስልን። ደግሞስ ያቺ ገበሬ እናት ሲያማት ጭነቷን አውርዳ ዛፍ ሥር አረፍ ብትል ማን ደመወዝ ይቆርጥባት ነበር? ውኃውን የምትቀዳላት ጎረቤት፣ እንጀራውን የምትጋግርላት እህት ነበረቻት። በስፌት መስመር ላይ የቆመች ሠራተኛ አረፍ ብትል ግን ከኋላዋ የሚመጣው ሥራ ይከመራል፤ የሰዓቱ ኮታ ይጎድላል፤ ሱፐርቫይዘሩም ከበላይዋ ይቆማል። ሁለቱን ሴቶች በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ወይ እርሻ አያውቅም፣ ወይ ፋብሪካ አያውቅም፤ እኔ ሁለቱንም አያውቅም ባይ ነኝ።

«እርግዝና በሽታ አይደለም» የሚለውን ደግሞ ማንም አልካደም። ጥያቄው ነፍሰ ጡር ሴት ልትታመም ትችላለች ወይስ አትችልም ነው። የሰው ዳሌ በሦስት መገጣጠሚያዎች የተያያዘ ቀለበት ነው፤ አንዱ ከፊት ከብልት በላይ ይገኛል፣ ሁለቱ ደግሞ ከኋላ ግራና ቀኝ፣ የዳሌ አጥንቶች ከጀርባ አጥንት የታችኛ ክፍል ጋር በሚገናኙበት ቦታ ናቸው። በእርግዝና ወቅት ሪላክሲንን የመሳሰሉ ሆርሞኖች እነዚህን መገጣጠሚያዎች አጥብቀው የሚይዙትን ጅማቶች ያላላሉ። በሌላ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የፊተኛው መገጣጠሚያ ክፍተት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ይህ ለሁሉም ነፍሰ ጡር የሚሆን ነው፤ አብዛኞቹም አይሰማቸውም። የአንዳንዶቹ ግን ግራና ቀኙ እኩል መንቀሳቀሱን ያቆምና፣ እግሩ እንደላላ በርጩማ፣ ክብደት ወደ አንድ ጎን ባዘነበለ ቁጥር ይንገዳገዳል። ሕመሙ ከብልት በላይ ይጀምርና ወደ ብሽሽት፣ ወደ ጭን ውስጠኛ ክፍል፣ ወደ ወገብና ወደ መቀመጫ ይዛመታል። ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ እንደሚያጋጥማት ይገመታል። ቀድሞ የወገብ ሕመም የነበራት፣ በዳሌዋ ላይ ጉዳት ደርሶባት የሚያውቅ እና ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የምትሠራ ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። የመጨረሻውን ሐረግ የማስታወቂያው ጸሐፊ ደግሞ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ሕመሙ አይታይም፣ አይለካም፣ ስለዚህ ማንም ተነሥቶ አመመኝ ሊል ይችላል የሚል ነገርም ሰምቻለሁ። ሐሰት ነው። ሴትየዋ በጀርባዋ ተኝታ አንድ እግሯን ሳታጥፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንድታደርግ ትጠየቃለች፤ ዳሌዋ የታመመ ሴት ይህን ስታደርግ የሚሰማትን ክብደትና ሕመም፣ ዳሌዋ ከሁለቱም ጎን በእጅ ደገፍ ተደርጎ ሲያዝላትም የሚገኘውን ለውጥ፣ የሠለጠነ ባለሙያ በደቂቃዎች ውስጥ ያየዋል። ራጅ አይጠይቅም፤ አልጋና ሁለት እጅ ይበቃዋል። አስመሳይ አትጠፋም ከተባለም አትጠፋም፤ በራስ ምታት ስም የሚያስመስልም አይጠፋም። ይሁንና ራስ ምታት የሚባል ነገር የለም ብሎ የለጠፈ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም።

ይህን ሕመም ለማየት ሆስፒታል መሄድም አያስፈልግም፤ ጠዋት ከፒያሳ ወይም ከመናኸሪያ ወደ ሥራ የሚወጣውን ሰው ልብ ብሎ መመልከት በቂ ነው። ባጃጁ ይቆማል፤ ነፍሰ ጡሯ አንድ እጇን ብረቱ ላይ ታደርግና አንድ እግሯን ታነሣለች፤ እዚያው ላይ ትቀራለች። መላ ክብደቷ በአንድ እግር ላይ የወደቀበት ቅጽበት ነው፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ውስጥ ያሉት ጠጋ ይላሉ፣ እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ የምታስበው ሁለተኛውን እግር እንዴት እንደምታስከትል ነው። አንድ ሰው ቀደም ብሎ፣ ጀርባሽን ወደ መቀመጫው ሰጥተሽ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ከዚያ ሁለቱን ጉልበቶችሽን ገጥመሽ አንድ ላይ አዙሪያቸው ብሎ ቢነግራት ግማሹ ሥቃይ በቀረላት ነበር። ሌሊት አልጋ ላይ ስትገላበጥም ያው ነው፤ ጉልበቶቿን ገጥማ ብትዞር፣ በጎኗ ስትተኛም በጉልበቶቿ መሐል ትራስ ብታደርግ ይቀልላታል። ልብሷን ቆማ በአንድ እግር ከመልበስ ተቀምጣ ብትለብስ፣ ትልቁን ልጇን በአንድ ጎኗ ባትታቀፍ፣ ጀሪካን ሙሉ ውኃ በአንድ እጇ ባታንጠለጥል፣ እግሯን ከፍታ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ለረጅም ሰዓት ባትቀመጥ። ይህን ሁሉ መንገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚነግራት ግን የለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87 ነፍሰ ጡርን በትርፍ ሰዓት እና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትን ይከለክላል፤ ሥራዋ ለራሷ ወይም ለጽንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠም ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወር ያዛል። አንቀጽ 88 ደግሞ ለእርግዝና ምርመራ ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንድታገኝ፣ ሐኪም ዕረፍት ካዘዘላትም እንዲሁ ደመወዟ ሳይቋረጥ እንድታርፍ ይደነግጋል። ይህ ከወሊድ በፊት ካለው 30 ቀንና ከወሊድ በኋላ ካለው 90 ቀን ውጭ ነው። አልጋ ይዛ ካልተኛች የሚል ቃል በአዋጁ ውስጥ የለም፤ ከየት መጣ? እንግዲህ መብቱ እንዳለ እንመን። መብቱ የሚከፈተው በወረቀት ነው። ወረቀቱን ማን ይጽፋል? ሴትየዋ ለክትትል ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። አዋላጇ የደም ግፊቷን ትለካለች፣ ክብደቷን ትመዘግባለች፣ ሽንቷን ታስመረምራለች፣ የልጁን የልብ ምት ታዳምጣለች፣ የደም ማነስ መከላከያውን እንክብል ትሰጣለች፤ በጀ፣ ልጁ ደህና ነው ትላታለች። ሴትየዋ ከአልጋው ለመውረድ ስትሞክር ዳሌዋን ይዛ ታቃስታለች፤ ታዲያ ምን ትባላለች? «የእርግዝና ነው፤ ስትወልጂ ይለቅሻል፤ ቻይው።» አዋላጇን አልወቅስም፤ ከበር ውጭ ሰልፍ ይጠብቃታል፣ ካርዱ ላይም ይህን የምትጽፍበት ቦታ አልተሰጣትም። ሕመሙ ግን አልተመዘገበም። አሠሪው ማስረጃ አምጪ ይላል፤ ጤና ጣቢያው ለተለመደ ነገር ምን ማስረጃ ይጻፋል ይላል። ሐኪም ፍለጋ ሆስፒታል ብትሄድ ሪፈር ትጠየቃለች፣ አንድ የሥራ ቀን ታጠፋለች፣ ያ ቀን ከደመወዟ ይቆረጣል። አዋጁ «ሐኪም» ይላል፤ እሷን ወር በወር የሚከታተሉት ግን በአብዛኛው አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ናቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወረቀት ሳይኖራት ስትቀር፣ ወረቀት የለም ማለት ሕመም የለም ማለት ነው ተብሎ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ራሳችን በሩን ቆልፈን፣ ለምን አልገባችም ብለን የምንገረም ሰዎች ሆነናል። ለዚህ ስም ልስጠው ብል ማተሚያ ቤቱ የማያትመው ቃል ይመጣብኛል።

አሠሪውም ቢሆን ወረቀት እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ቆማ የምትሠራን ሠራተኛ ተቀምጣ ወደምትሠራበት ቦታ ማዛወር፣ ለጥራት ተቆጣጣሪዋ ከፍ ያለ ወንበር መስጠት፣ ካርቶን ከማንሣት ነፃ ማድረግ፣ በየሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ መቆምና መቀመጥን እንድታቀያይር መፍቀድ፤ ከእነዚህ አንዱንም የሚከለክል ሕግ በዚህች አገር የለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህች ከተማ የወጣት ሴቶች የሥራ ከተማ ሆናለች፤ ወጣት ሴቶች ባሉበት እርግዝና እንደሚኖር ለማወቅም አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም። በሁለት ወር ሥልጠና የተዘጋጀችን ሰፊ በአንድ ወንበር ምክንያት የሚያጣ ፋብሪካ ስለ ምርታማነት ሲያወራ መስማት ለእኔ ቀልድ ነው።

ሕክምና የለውም የሚለውም ተረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል ምክረ ሐሳብ የወገብንና የዳሌን ሕመም ለመከላከል በእርግዝና ዘመን ሁሉ መደበኛ የአካል እንቅስቃሴን፣ ሕመሙ ሲመጣ ደግሞ ፊዚዮቴራፒን፣ የድጋፍ ቀበቶንና አኩፓንክቸርን (በቀጫጭን መርፌዎች የሚሰጠውን ሕክምና) በአማራጭነት አስቀምጧል። በየጤና ጣቢያው ፊዚዮቴራፒስት እንደሌለ አውቃለሁ። ቀበቶውን ከሆድ በታች፣ በዳሌ አጥንቶች ዙሪያ እንዴት እንደሚታሰር ማሳየት ግን ዲግሪ አይጠይቅም። ባለሙያ ሳያማክራት ስትቀር ሴትየዋ ምን እንደምታደርግም እናውቃለን፤ ፋርማሲ ገብታ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ትገዛለች። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ እነዚህ መድኃኒቶች የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በጽንሱ ልብ አጠገብ ያለ የደም መተላለፊያ ያለጊዜው እንዲዘጋ ሊያደርጉ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ሕመም በቅድሚያ የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው፤ እሱም በባለሙያ ምክር። ቻይው ተብላ የተመለሰች ሴት ይህን ከማን ትስማ?

አስተዳዳሪዎች ራሳቸው ሐኪም ሆነው ሲፈርዱ ሌላም አደጋ አለ። በእርግዝና ወቅት የብሽሽትና የታችኛው ሆድ ሕመም ሁልጊዜ የመገጣጠሚያ አይደለም። ደም ከፈሰሳት፣ ውኃ ከፈሰሳት፣ ካተኮሳት፣ ሽንቷ ካቃጠላት፣ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ በሰዓት ከተጠጋጋ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ፣ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ጉዳዩ የዚያው ሰዓት የሕክምና ጉዳይ ነው። የዳሌ ሕመም ጥያቄ አይቀርብም ብሎ በጅምላ የዘጋ ማስታወቂያ እነዚህንም አብሮ ይዘጋል፤ በፈረቃው መሐል ሽንቷ የሚያቃጥላት ሠራተኛ የኩላሊት ኢንፌክሽን እስኪሆን ብትታገሥ ተጠያቂው ማን ይሆናል?

ከዚህ ሁሉ በላይ የማዋለጃ ክፍሉ አለ። አብዛኞቹ የዳሌ ሕመም ያለባቸው ሴቶች በተፈጥሯዊ መንገድ መውለድ ይችላሉ፤ ነገር ግን ምጥ ላይ ያለች፣ ዳሌዋ የታመመ ሴትን በጀርባዋ አስተኝቶ እግሮቿን በኃይል መክፈት ጉዳቱን ያባብሳል። ሳያማት ጉልበቶቿን የምትከፍትበት ርቀት አስቀድሞ ተለክቶ ካርዷ ላይ ቢጻፍ፣ በጎኗ ተኝታ ወይም ተንበርክካ መውለድ እንደምትችልም አብሮ ቢመዘገብ፣ ሌሊት ተረኛ የሆነችው አዋላጅ ሳትጠይቅ ታውቀዋለች። ስለዚህ የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮን የምጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም፤ በክትትል ካርዱ ላይ «ዳሌዋን ወይም ብሽሽቷን ያማታል? ስትራመድ? ስትገላበጥ?» የሚል አንድ መስመር፣ ከሥሩም ባለሙያዋ የምትፈርምበት፣ አሠሪውም እንደ ማስረጃ እንዲቀበለው የሚገደድበት አንድ ቦታ ነው።